የናስ ቀዳዳ

በቡሬ ከተማ፣ ወደ ነቀምቴ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ስሙ በሰሌዳ ያልተጻፈ አንድ ጋራዥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የኅዳር ማለዳ፣ በዚያ ጋራዥ ደጃፍ ከወገቡ የተቆረጠ በርሜል ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፤ በበርሜሉ ከንፈር ላይ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ታስሮ፣ እግሩን ከውሃው ነክሮ ያጓራል። ቡሬ የበርበሬና የበቆሎ አገር እንጂ የሐይቅ አገር አይደለችምና ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ቢመለከት አያስደንቅም። የባጃጅ ነጂዎች ፍጥነት ቀንሰው አንገታቸውን ያወጣሉ፤ ሕፃናት ውሃው በተንፈቀፈቀ ቁጥር ይሥቃሉ። የጋራዡ ባለቤት ግን ማንንም አያዩም። ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋው እኒህ አዛውንት ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ካቻቢቴ በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ያዳምጣሉ። ካቻቢቴውን የጥፍር ያህል ያዞሩና ይጠብቃሉ፤ ድምፁ ሲለወጥ የዚያን እኩሌታ ይመልሱና እንደገና ይጠብቃሉ።

ለዚህ ሥራ በጋራዥ የሚነገረው ቃል «ማስተካከል» ነው። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ለሥራው ይጠብበታል። አዛውንቱን በዚያ ሁኔታ ያየ ሰው ትዝ የሚለው «መቃኘት» ነው፤ ማሲንቆ እንደሚቃኝ፣ በገና እንደሚቃኝ። ማሲንቆ መቺ የዝናብ ወራት ሲገባ ቆዳው እንደሚረግብ፣ በጋ ሲሆን እንደሚወጠር ያውቃል፤ ስለዚህም በየቦታው፣ በየወቅቱ ከመጫወቱ በፊት ይቃኛል። ሞተር የሚቃኝ ሰውም ከብረቱ አስቀድሞ አየሩን ማወቅ ግድ ይለዋል። ንጽጽሩ ለጌጥ የመጣ አይደለም፤ ነገሩ በእርግጥም የአየር ጉዳይ ነው።

ሞተሩ የመጣው ከባሕር ዳር ነበር። በጣና ላይ ሰውና ጭነት ሲያመላልስ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ሁለት የቆላ ወንድማማቾች ገዙት። አሳባቸውም ቀላል ነበር። የቡሬና የወንበርማ ቆላ ወደ ዓባይ ያዘነበለ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ወለጋ አለ፤ ገበያም፣ ዘመድም፣ ጋብቻም ከወዲህ ወዲያ የሚያመላልስ ነው። ከመኪናው ድልድይ ርቆ የሚኖር ሰው ግን ወይ ረጅም መንገድ መዞር፣ ወይ አዞና ጉማሬ ባለበት ውሃ ላይ በግንድና በመቅዘፊያ መታመን አለበት። ወንድማማቾቹ አንዲት የብረት ጀልባ አስበይደው፣ ሞተር ገጥመው፣ በርበሬውንና ባለ በርበሬውን ሊያሻግሩ ፈለጉ። ከሞተሩ የሚጠበቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በወንዙ መካከል እንዳይቆም።

እንግዲህ ለዚህ ዋስትና የምትሆነው ካርቡራተር ናት። ካርቡራተር ከሞተሩ የአየር መግቢያ ላይ የምትቀመጥ፣ በሁለት መዳፍ የምትታቀፍ የብረት ዕቃ ናት። መካከሏ እንደ ጉሮሮ ይጠባል። ሞተሩ ሲስብ አየሩ በዚያ ጠባብ ጉሮሮ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ በቀነሰበት ስፍራ አንዲት ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን ከበታቿ ካለው ቋት ቤንዚን ታሳልፋለች። ቤንዚኑ ተበትኖ፣ ከአየሩ ጋር ጉም ሆኖ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ እዚያም በካንዴላው ብልጭታ ይነዳል። በ1893 እ.ኤ.አ. ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ቤንዚን የሚረጭ መሣሪያ በፈጠራ መብት ሲያስመዘግቡ፣ በጀርመንም ቪልሄልም ማይባህ በዚያው ዘመን ተመሳሳዩን እየሠራ ነበር። ሃንጋሪዎቹ አሳቡን ያገኙት አንዲት አበባ ሻጭ በቀጭን ቧንቧ እፍ እያለች በአበቦቿ ላይ ውሃ ስትረጭ አይተው ነው ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ስለ ካርቡራተር ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ያስረዳል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን አጥርቶ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ችግሩ ግን ካርቡራተር ሚዛን የላትም። እርሷ በስፍር እንጂ በኪሎ አታውቅም፤ እህሉ ቀለለም ከበደም ቁናውን ሞልቶ እንደሚሰጥ ነጋዴ ናት። በባሕር ጠረፍ 14.7 ኪሎ አየር 12 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በግሽ ዓባይ ከፍታ ግን ያንኑ ኪሎ ለመሙላት 16 ሜትር ኩብ ግድም ያስፈልጋል፤ አየሩ ስስ ነውና። በባሕር ዳርቻ አገር ተሠርታ፣ ቀዳዳዋ በዚያ አየር ልክ ተበስቶ የመጣች ካርቡራተር ይህን አታውቅም። በደጋው ላይ የለመደችውን ስፍር አየር ትውጣለች፤ በስፍሩ ውስጥ ያለው አየር ግን ጎዶሎ ነው፤ ቤንዚኑም ለዚያ ጎዶሎ ይበዛበታል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላው በጥቀርሻ ይለበጣል፤ ጉልበቱም ከፍታው በሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ አሥረኛ ያህል ከሚጎድለው በላይ ይጎድላል። ብዙ የሰከላና የፍኖተ ሰላም ገበሬ የመስኖ ፓምፑን «ቤንዚን ይፈጃል» እያለ ሲያማ የሚኖረው ፓምፑ በድሎት ላይሆን ይችላል። ፓምፑ አገሩን አልለመደም።

ይህን ነገር በአንድ ወንዝ ላይ ሙሉውን ማየት የሚቻልበት አገር ብዙ አይደለም። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ምንጭ ሲነሣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በዚያ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ አይሞላም። ግልገል ዓባይ ሆኖ ወርዶ ጣናን ሲቀላቀል ከፍታው 1800 ሜትር ግድም፣ ግፊቱም የባሕር ጠረፉ አራት አምስተኛ ያህል ይሆናል። ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በክንዱ ዞሮ በጥልቁ ሸለቆ ሲመለስ በሻፋርታክ ድልድይ ወደ 1000 ሜትር ይወርዳል። ከዚያም ወርዶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቅ ግድብ ጀርባ ንጋት በተባለው ሐይቅ ሲተኛ፣ ሐይቁ ሙሉ በሚሆንበት ጊዜ 640 ሜትር ላይ ነው። ወንዙ አንድ ነው፤ የሚተነፈስበት አየር ግን በየደረጃው ሌላ ነው። ለጣና የተቃኘ ሞተር ለንጋት አልተቃኘም።

ወደዚህ ወንዝ የመጡ የውጭ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ደርሰው ምንጩን አይተዋል፤ እነርሱ በእግርና በበቅሎ ስለመጡ የአየሩ መሳሳት የተሰማው በደረታቸው ብቻ ነው። ሞተር ይዘው ወደ ውሃው የገቡት ግን ሌላ መከራ ነበረባቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው፣ ሰባ ያህል ሰው ያለበት የእንግሊዝ ጦር ቡድን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ዓባይን ሲወርድ ከሻፋርታክ በታች ሞተር የተገጠመላቸውን የጦር ጀልባዎች አሰማርቶ ነበር፤ በዚያ ጉዞ አንድ ወታደር በውሃ ተወስዷል። ስለዚያ ዘመቻ ሲነገር ስለ ፏፏቴው፣ ስለ አዞው፣ ስለ ሽፍታው ይነገራል። ማታ ማታ በወንዙ ዳር ተቀምጦ ካንዴላ ስለሚጠርገው ሰው ግን ብዙ አይሰማም። የጉዞ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሰው ሁልጊዜ ይዘነጉታል።

ወደ ቡሬው ጋራዥ እንመለስ። አዛውንቱ ሙያውን ያገኙት በ1960ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ፣ ከአስመራ ከመጣ አንድ መካኒክ እግር ሥር ቁልፍ በማቀበል ነው። ስለዚህም ቋንቋቸው እንደ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው ግማሹ ጣልያን ነው፤ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማርሚታ። ቃላቱ የመጡት በጦር መኪና ተጭነው ቢሆንም ባለቤቶቻቸው ሲባረሩ አብረው አልሄዱም፤ ብረቱን በያዘው እጅ ላይ ቀሩ፤ ዛሬ የቡሬ ልጅ ካቻቢቴ ሲል ባዕድ ቃል መናገሩን አያውቅም። አዛውንቱ ከዚህ ቋንቋ ሌላ ከመምህራቸው የወረሱት አንድ የሻይ ቆርቆሮ አላቸው። በውስጡ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማይሰፋ ቀዳዳ ያላቸው፣ በግንባራቸው ላይ ቁጥር የተቀረጸባቸው የናስ ብሎኖች ተከማችተዋል። አንዳንዶቹ በዕቃ እጦት ዘመን በቆርቆሮ ብየዳ ተደፍነው በመርፌ እንደገና የተበሱ ናቸው። በእነዚህ ላይ ቁጥሩ አይሠራም፤ አዛውንቱ ግን እያንዳንዱን በስሙ ያህል ያውቁታል።

በጋራዡ ውስጥ ደግሞ ልጁ አለ። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የተማረ፣ ደብተሩን ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር የሚይዝ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ልጁ በስልኩ ላይ የሚያያቸው ተንቀሳቃሽ ምስሎች ነበሩ፤ ሰው እንደ በቅሎ የሚቀመጥባቸው፣ ውሃውን ከሆዳቸው ስበው ወደ ኋላ እየተፉ የሚወነጨፉ የውሃ ሞተር ሳይክሎች። የጃፓኑ ካዋሳኪ የራሱን ለገበያ ያቀረበው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሳቡን ያፈለቀው ደግሞ ክሌይተን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ቤንዚን በሚረጩ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠሩ ሆነዋል። የቀድሞዎቹ ባለ ሁለት ምቶች ግን ካርቡራተር ነበራቸው፤ ሞተሩን ከፋብሪካው ልክ አስበልጠው ለውድድር የሚያሻሽሉ ሰዎችም መጀመሪያ እጃቸውን የሚያሳርፉት በእርሷ ላይ ነው። ሰፋ ያለ ጉሮሮ ያላት፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንዳንድ ይገጥማሉ።

ልጁ ከዚያ ወገን የሆነች አንዲት አሮጌ ሚኩኒ ካርቡራተር ከአዲስ አበባ ከመርካቶ አግኝቶ ነበር። ጉሮሮዋ 44 ሚሊሜትር ነው። እንደ ሌሎቹ የቤንዚን ቋትና ተንሳፋፊ የላትም፤ በምትኩ ከሞተሩ ሆድ በሚመጣው የአየር ትርታ የምትንቀሳቀስ ስስ የጎማ ሽፋን አላት፤ ስለዚህም ብትጋደም፣ ብትገለበጥ ቤንዚን አታፈስም። ልጁ ለሦስት ቀን ለብቻው ሲያስብ ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን አሳቡን አቀረበ።

«ጋሼ፣ ይቺን ብንገጥምለት እኮ ይበራል።»

«ወዴት ይበር? ወንዙ እኮ ሁለት የድንጋይ ውርወራ ነው።»

«ጀልባዋ ስትናወጥም ቤንዚኑ አይናጥባትም። ቋት የላትም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አዛውንቱ። «ነገር ግን ጀልባዋ ከተገለበጠች ስለ ካርቡራተሩ የሚጠይቅህ ሰው አይኖርም።»

አዛውንቱ ግን የሚከለክሉ ሰው አልነበሩም። ይህ ምናልባት ከሙያቸው የሚበልጥ ጠባያቸው ነው። ልጁ አስማሚ ሰሌዳ ቆርጦ፣ ቀዳዳውን አገጣጥሞ፣ የትርታውን ቱቦ አስገብቶ ሚኩኒዋን ሲገጥም ፒንሳ አቀበሉት። ሞተሩ ተነሣ፤ ቤንዚን በሙሉ ሲሰጠው እውነትም አገሣ፤ የበርሜሉ ውሃ ተርፎ መንገዱን አጠበ፤ የባጃጅ ነጂዎች አጨበጨቡ። ከዝግታ ወደ ፍጥነት እንዲነሣ ሲጠየቅ ግን ተንቀጠቀጠ፣ አስነጠሰ፣ ጠፋ። ደግመው አስነሡት፤ ደግሞ ጠፋ። ልጁ የዝግታውን ብሎን ሩብ ዙር ከፈተ፤ ቤንዚን የምትዘጋውን መርፌ የሚጫነውን ሞላ በለዘበ ለወጠ፤ ጥቂት ተሻሻለ እንጂ አልዳነም።

ምክንያቱ ከጉሮሮው ስፋት ነበር። ሰፊ ጉሮሮ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ብዙ አየር ያሳልፋል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን አየሩ በሰፊው ሜዳ ተዝናንቶ ያልፋል፤ ካልሮጠ ግፊቱ አይቀንስም፤ ግፊቱ ካልቀነሰ ቤንዚኑ አይነሣም። በደጋ፣ በሳሳው አየር ላይ ደግሞ ይኸው ጉድለት ይብሳል። ለውድድር የሚወጣ ሰው ይህን ይታገሣል፤ እሱ ከዝግታ ጋር ጉዳይ የለውም፤ አንድ ሰው ጭኖ ከወዲያ ወዲህ ይወነጨፋል። ስምንት ሰውና አሥር ጆንያ በርበሬ ጭኖ ከአሸዋ ዳር ተነሥቶ ወራጅ ውሃ የሚሰብር ጀልባ ግን ሕይወቱ ከመነሻው ላይ ነው። ለአንዱ ሞተር ትክክለኛ የሆነች ካርቡራተር ለሌላው ወጥመድ የምትሆነው ስለዚህ ነው። የሞተሩን ልክ ብቻ አይቶ ካርቡራተር የሚመርጥ ሰው ግማሹን ብቻ መርጧል፤ ሌላው ግማሽ ሥራው ነው።

«አፏ ሰፍቶ ትንፋሿ ሳሳ» አሉ አዛውንቱ፣ ሚኩኒዋን ሲፈቱ። ልጁ አኮረፈ። ግማሽ ቀን አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ የቀድሞዋ ካርቡራተር ተመለሰች፤ አሁን ደግሞ የናሷ ቀዳዳ ምርጫ መጣ። በሞተሩ ላይ የነበረችው 155 ቁጥር ናት፤ ከሩቅ አገር ፋብሪካዋ እንደ መጣች ያለች፤ በጣና ላይ ዓመታት ጥቁር ስታጨስ የኖረች። አዛውንቱ ከሻይ ቆርቆሮው 150ን አውጥተው ሞከሩ፤ ከዚያ 145ን፤ ከዚያ 140ን። በ140 ሞተሩ ቀለል ብሎ ዘመረ፤ አዛውንቱ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። ወደ 145 ተመለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ጥግ ተቀምጦ በደብተሩ ላይ የቡሬን ከፍታ 2100 ሜትር አድርጎ ይዞ የአየሩን ክብደት ያሰላ ነበር። ሲጨርስ ደብተሩን ይዞ መጣ፤ 145 ይላል። አዛውንቱ ደብተሩን አላዩም፤ ልጁን ግን አዩት። ኩርፊያው በዚያ አበቃ።

ደብተሩ ሌላም ነገር ይናገር ነበር። ከቡሬ ወደ ዓባይ ሲወረድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ቆላው ቢሞቅም እንኳ አየሩ ይወፍራል፤ ለቡሬ ልክ የሆነው ቀዳዳ ለዚያ አየር ጠባብ ይሆናል። ቤንዚን ሲበዛበት ሞተር ያጨሳል፣ ይሰንፋል፣ ያሳፍራል፤ ሲያንሰው ግን አያሳፍርም፤ እንዲያውም ድምፁ ይሳላል፣ ይቀልላል፣ ይፈጥናል። ክፋቱም ይህ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ የሚነድ ብቻ አይደለም፤ በ50 ሊትር ቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለው 1 ሊትር ዘይት ፒስተኑን የሚያለሰልሰው፣ እርሱ ራሱም በትነቱ የሚያቀዘቅዘው በዚችው ቀዳዳ በኩል አልፎ ነው። ቀዳዳዋ ስትጠብ ምግቡም፣ ዘይቱም፣ ውሃውም አብረው ያንሳሉ። ፒስተኑ ይግላል፤ ያብጣል፤ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ካቻቢቴ አያድነውም።

በዚህ ላይ በበርሜል ውስጥ ያለ ሞተር ሸክም አያውቅም። አዛውንቱ ይህን ስለሚያውቁ አብረው ሊወርዱ ነበር፤ ጉልበታቸው ግን ከቁልቁለቱ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። 150ንና 155ን በወረቀት ጠቅልለው፣ ከሁለት አዲስ ካንዴላ ጋር ለልጁ ሰጡት። «መጀመሪያ ባዶዋን ፈትናት» አሉት። «ካንዴላውን አውጥተህ እየው፤ የተቆላ ቡና ካልመሰለ ሰው እንዳትጭን።»

ልጁ ቃሉን ይዞ ወረደ። በወንዙ ዳር ያገኘው ግን የገበያ ቀን ነበር። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰብስቧል፤ ጆንያው ተከምሯል፤ ወንድማማቾቹ ለብየዳው የተበደሩት ብር አለባቸው። ሞተሩ በመጀመሪያ ጉተታ ተነሣ፤ እንደዚያ ጠርቶ ሲጮህ ልጁ ራሱ ሰምቶት አያውቅም ነበር። «ጋሼ ባዶዋን ፈትን ብለውኛል» አለ። ተናገረ፤ ነገር ግን ቃሉን አላጸናውም። ታላቅየው «ይኸው ይዘፍን የለም እንዴ?» አለው። የሞተሩ ማማር ለልጁም ምስጋና ነበርና ዝም አለ። ሰዎቹ ገቡ።

የወንዙ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ቀጠነ። ከተሳፋሪዎቹ ማንም አላስተዋለም፤ እንዲያውም ጀልባዋ የፈጠነች መስሏቸው ተደሰቱ። ልጁ ግን በ140 ጊዜ የአዛውንቱ ፊት እንዴት እንደ ጠቆረ ትዝ አለው። ሞተሩን ቢያጠፋ ወራጁ ጀልባዋን ከታች ወዳለው ድንጋያማ ፈረፈር ይወስዳታል፤ ባያጠፋ ፒስተኑ ራሱ ያጠፋዋል። በትምህርት ቤት ያልተጻፈለትን፣ በጋራዥም ያልተነገረውን ነገር ያደረገው ያን ጊዜ ነው። ቤንዚኑን ቀነሰ፤ በብርድ ማለዳ ለማስነሻ ብቻ የሚሳበውን የአየር መዝጊያ እጀታ እስከ ግማሽ ሳበው። የካርቡራተሯ አፍ በከፊል ሲዘጋ ከቀዳዳዋ የሚሳበው ቤንዚን በዛ፤ ከቤንዚኑም ጋር ዘይቱ። ሞተሩ አሳለ፣ ታፈነ፣ ጀልባዋን በነጭ ጭስ ሸፈናት፤ ጉልበቱም ወደቀ። ታናሽየው ወንድም «ምን አደረግኸው!» ብሎ ጮኸ። ልጁ አልመለሰለትም፤ እጀታውን እንደ ያዘ፣ ጀልባዋ ወደ ታች እያዘመመች፣ ሊደርሱበት ካሰቡት ስፍራ ብዙ ዝቅ ብለው ከማዶው አሸዋ ላይ ወጡ።

አንዲት አሮጊት ከሁሉ በኋላ ሲወርዱ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ጭስ ምንድር ነበር?» አሉት።

«ሞተሩ ጠምቶት ነበር፣ እማማ።»

ካንዴላዎቹን አወጣቸው። እንደ ኖራ ነጭተዋል። 145ን ፈትቶ 150ን አስገባ፤ አዲሶቹን ካንዴላዎች ገጠመ፤ ወንድማማቾቹን ዳር አስቀምጦ ጀልባዋን ብቻውን ይዞ ወንዙን አራት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ላይ አውጥቶ ሲያያቸው የሸክላው ቀለም የተቆላ ቡና ሆኗል። ያን ቀን ሰው የተሻገረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገበያው ግማሽ አልፏል፤ ወንድማማቾቹም ያን ዕለት ለልጁ የራት ግብዣ አላደረጉለትም።

በማግሥቱ ቡሬ ተመልሶ ነጩን ካንዴላ በወረቀት እንደ ጠቀለለ አስረከበ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፀሐይ ወጡ። በሸክላው ጫፍ ላይ ከአሸዋ የደቀቁ፣ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ከፒስተኑ ራስ ቀልጦ የተረጨ አሉሚኒየም ነው። አገላብጠው አዩት። በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስንት ሰው ነበር?» አሉ።

«ስምንት። ከእኔ ጋር ዘጠኝ፣ ጋሼ።»

አዛውንቱ መልስ አልሰጡም። በጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከመሣሪያው መስቀያ በላይ፣ አሮጌ ካንዴላዎች በተርታ የቆሙበት አንድ ሳንቃ አለ፤ ከእያንዳንዱ በታች በከሰል የቦታ ስም ተጽፏል፤ ሰከላ፣ ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጣና። ነጩን ካንዴላ ከዳር አቆሙት፤ ከከሰሉም ቆርሰው ለልጁ ሰጡት። ልጁ ከበታቹ «ዓባይ፣ 150» ብሎ ጻፈ።